ሥዕሉን የሚሸከመው ሰው

ለሰልፍ የሣልኩትን የመጀመሪያ ትልቅ ሥዕል ለመጨረስ አሥራ አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል። ሦስት ሜትር በሚረዝም ሸራ ላይ ወንዙ ነበረ፣ ፍሳሹን ወንዙ ውስጥ የሚለቀው ፋብሪካ ነበረ፣ የሞቱ ዓሦች፣ የታመሙ ሕፃናት፣ ጆሯቸውን በእጃቸው የደፈኑ ሹማምንት ነበሩ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጥቁር ደመና የተመሰለ ሞት ነበረ። በሰልፉ ዕለት ሁለት ወጣቶች ግራና ቀኝ ይዘውት ወጡ። ነፋሱ ሸራውን ወጥሮ ነፋው፣ ልጆቹ ላለመውደቅ ታገሉ፣ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ግራጫና ጥቁር የተዘበራረቀ ጨርቅ ሲያልፍ አየ እንጂ ሥዕል አላየም። ከእነሱ ጥቂት እርምጃ ፈንጠር ብላ አንዲት ልጅ ካርቶን ላይ አንድ ጥቁር ጠብታ ሥላ፣ ከሥሩ «እስቲ እናንተ ጠጡት» ብላ ጽፋ ይዛ ነበር። በማግስቱ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ጠብታ ነበር።

ይህን የምጽፈው መሣል ለሚችሉና ችሎታቸውን ለሚያምኑበት ዓላማ ማዋል ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ከዚያ ሰልፍ ወዲህ ስምንት ዓመት ያህል ፖስተርና ባነር ስሠራ ቆይቻለሁ። የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረኝ ስህተት ነው። ከስህተቶቼ በአንዱ ዋጋ የከፈለው ሌላ ሰው ስለሆነ እሱን በዝርዝር እናገራለሁ።

አስቀድሜ ግን የጠብታዋን ነገር ልጨርስ። ጋለሪ ውስጥ ተመልካቹ ይቆማል፣ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ ተመልሶም ያያል። መንገድ ላይ ሥዕሉም ይንቀሳቀሳል፣ ተመልካቹም ይንቀሳቀሳል፣ በመካከላቸው የሰው ራስና ትከሻ ይገባል። እኔ አሥራ አንድ ሌሊት የደከምኩት ለማይመጣ ተመልካች ነበር። አሁን ማንኛውንም ንድፍ ከማጽደቄ በፊት መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ እሥለውና ግድግዳ ላይ ለጥፌ ከክፍሉ ሌላ ጫፍ አየዋለሁ። ከዚያ ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ሰው ጠርቼ፣ አንድ ሁለት ሦስት እስክቆጥር ብቻ አሳይቼው እሸፍነዋለሁ፤ «ምን አየህ?» እለዋለሁ። መልሱ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ከመጣ ንድፉ ይሠራል። ማሰብ ከጀመረ ግን ከሥዕሉ ላይ የሚቀነስ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ደግሞ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው።

ጄራልድ ሆልተም የተባለው እንግሊዛዊ ንድፍ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ለፀረ ኒውክሌር ሰልፍ የሠራው ምልክት ዛሬ በዓለም ሁሉ የሰላም ምልክት ተብሎ የሚታወቀው ነው። አንድ ክብ፣ በመሃሉ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር፣ ከመሃሉ ወደ ታች የሚከፈቱ ሁለት መስመሮች፤ ይኸው ነው። መስመሮቹ የመጡት መርከበኞች በባንዲራ መልእክት ከሚለዋወጡበት ፊደል ሲሆን፣ «የኒውክሌር ትጥቅ ማስፈታት» ለሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያዎቹን ሆሄያት ይወክላሉ። ከለንደን የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ወደሚሠራበት አልደርማስተን በተደረገው ጉዞ ላይ 500 ያህል ክብ ካርቶኖች በእንጨት ላይ ተሰክተው ወጡ፤ ግማሾቹ በነጭ ላይ ጥቁር፣ ግማሾቹ በአረንጓዴ ላይ ነጭ። ምልክቱ የማንም ንብረት ሆኖ አልተመዘገበም፤ ማንም ወስዶ እንዲሥለው ክፍት ተደርጎ ተተወ። ሕፃን ልጅ በከሰል ግድግዳ ላይ ሊሥለው ይችላል። በእኔ እምነት የዕድሜው ምሥጢር ይህ ነው።

ስለ ኅትመት ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ትግል ውስጥ ገንዘብ ሁልጊዜ ያንሳል። እኔ የምጠቀመው ስክሪን ፕሪንት ነው። የእንጨት ክፈፍ ላይ ስስ መረብ ጨርቅ ይወጠራል፤ ቀለም እንዲያልፍ የማይፈለግበት ቦታ ይደፈናል፤ ከዚያ ወፍራም ቀለም ከላይ አፍስሶ በጎማ መጥረጊያ ወደ ራስ መጎተት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወረቀቶች ይበላሻሉ፤ አትደንግጡ። እጃችሁ አንዴ ልኩን ካገኘ በኋላ ግን አትቁሙ፤ ቀለሙ መረቡ ላይ ከደረቀ ክፈፉ ይበላሻል። ሥራው ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ወረቀት ያስገባል፣ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ገመድ ላይ ያሰጣል። ከሰዓት በኋላ ጀምረን ሌሊት ስንጨርስ፣ ሲመጡ የማይተዋወቁት ሦስት ሰዎች እስከ ክርናቸው ቀለም ተለቅልቀው ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ አገኛቸዋለሁ። ፖስተሩ በማግስቱ ቢቀደድ እንኳ ያች ሌሊት አትቀደድም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1968 ፓሪስ ውስጥ ተማሪዎችና ሠዓሊዎች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ይዘው የሕዝብ ወርክሾፕ ብለው ሲሰይሙት መጀመሪያ የሞከሩት ሊቶግራፊ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ሥሎ የማተም ዘዴ፣ ነበር፤ ቀርፋፋ ሆነባቸው። ወደ ስክሪን ፕሪንት ሲዞሩ ነው ከተማዋን ማዳረስ የቻሉት። እኔን ከዘዴው በላይ የሚማርከኝ ግን ንድፍ የሚያጸድቁበት ሥርዓት ነው። ንድፎቹ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርቡና ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ ነበር፤ የፖለቲካ ሐሳቡ ትክክል ነው ወይ? ፖስተሩ ሐሳቡን በደንብ ያስተላልፋል ወይ? ፖስተሮቹ ላይ የማንም ስም አይጻፍም። እኔም ፊርማዬን ከፖስተር ላይ ያነሣሁት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው። ላስገድዳችሁ አልችልም፤ ከሥዕል ገቢ የምታገኙ ከሆነ ስማችሁ ሀብታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ፊርማ ያለበትን ሥዕል ሰው «የእሱ ሥዕል» ብሎ ይይዘዋል፤ ፊርማ የሌለበትን ደግሞ «የእኛ» ይለዋል።

እኔ ያን ጊዜ ሁለቱን ጥያቄዎች ብቻ ይዤ ስለነበር ሦስተኛው አምልጦኛል። አሁን ወደዚያ ልመለስ።

ሥራውን ከጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ስብሰባ ላይ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ሴት ተነሥተው ተናገሩ። ፋብሪካው ውስጥ የፍሳሽ ማጠራቀሚያውን ከሚያጸዱት ሠራተኞች አንዷ ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰው ሁሉ ለመስማት አንገቱን ሰገግ አደረገ። ሲናገሩ እጃቸውን ገልብጠው አሳዩን፤ በጣቶቻቸው መሐል ቆዳው ተልጦ ተልጦ ነጭ ሆኗል። የተቀመጡት መስኮት አጠገብ ስለነበር ብርሃኑ በጉንጫቸው አጥንት ላይ አርፎ ግማሽ ፊታቸውን አጥልቶታል። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ በማስታወሻ ደብተሬ ሣልኳቸው። እጄ እንደዚያ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የግንባራቸው መስመር፣ የከንፈራቸው መጠበቅ፣ አንዱ ዓይናቸው ከሌላው ትንሽ ዝቅ ማለቱ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ነበር።

ማንንም ሳልጠይቅ ከዚያ ንድፍ ፖስተር ሠራሁ። 200 ቅጂ አተምን። ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፤ «እዩኝ» የሚል። ሰው ወደደው፣ እኔም ኮራሁ። በአራተኛው ቀን ሴትዮዋን አለቃቸው ቢሮ ጠርቶ ፖስተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋላቸው። ስማቸው የትም አልተጻፈም፤ ግን ያች ዝቅ ያለች ዓይን ስም አያስፈልጋትም ነበር። መጀመሪያ ፈረቃቸው ተቀየረ፤ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ውላቸው እንደማይታደስ ተነገራቸው።

እሳቸው ራሳቸው ወደ ሥራ ቦታዬ መጡ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኹም። ገመድ ላይ የተሰጡትን ቅጂዎች ቆመው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ሥዕሉ ያምራል። ፊቴ እንዲህ የሚታይ አይመስለኝም ነበር። ግን ከመለጠፍህ በፊት ብትነግረኝ፣ እኔም ስለ ልጆቼ አስቤ እመልስልህ ነበር» አሉኝ። የምለው ጠፋኝ። በዚያው ሌሊት ከጓደኞቼ ጋር ወጥተን ያገኘነውን ሁሉ ከግድግዳ ላይ ፋቅን። ምን ዋጋ አለው፤ ሰዎች በስልካቸው አንሥተው እርስ በርስ ተላልከውታል። ከእጅ የወጣ ሥዕል አይመለስም።

ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህ ሥዕል ሲታይ የሚጎዳው ማን ነው? የሚደርስበትስ ፈቅዶ ነው ወይ?

ፈቃድ ማለት «ልሣልዎት?» ብሎ ራስ ሲነቀነቅ ማየት አይደለም። እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን ለብቻቸው አገኛለሁ፤ በስብሰባ መሐል በሰው ፊት የተጠየቀ ሰው እምቢ ለማለት ይቸገራል። ያለቀውን ንድፍ አሳያለሁ እንጂ ረቂቁን አላሳይም። የት እንደሚለጠፍ፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ ከተሠራጨ በኋላ መሰብሰብ እንደማይቻል እናገራለሁ። መልሱን የምቀበለው በማግስቱ ነው። አንድ ሌሊት አድሮበት፣ ከቤተሰቡ ጋር መክሮበት የመጣ «እሺ» ብቻ ነው እሺ የሚባለው። እምቢ ካሉ ምክንያት አልጠይቅም።

ፊት ሳይሣልም ብዙ መናገር ይቻላል። እጅ ይናገራል፣ የጎበጠ ጀርባ ይናገራል፣ በር ላይ የወለቀ የሥራ ጫማ ይናገራል። ከሦስት ሰው ፊት አንድ ፊት ማቀናበር ግን መፍትሔ አይደለም፤ ዓይኑ የአንዱ ከሆነ ሰውየው ያው እሱ ነው። ሰው የሚታወቀው በፊቱ ብቻ እንዳልሆነም አትርሱ፤ የሥራ ልብሱ ቀለም፣ ከኋላው ያለው መስኮት፣ እጁ ላይ ያለው ጠባሳ ያጋልጡታል። የመጀመሪያ ረቂቆቼን ሥራው እንዳለቀ አስወግዳለሁ፤ ደብተሬ በሌላ ሰው እጅ ቢወድቅ የስም ዝርዝር ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ በኋላ ነው የቀድሞ ሰዎችን ሥራ በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ1788 እንግሊዝ ውስጥ ፕሊማውዝ ላይ የባርነት ንግድ ተቃዋሚዎች ብሩክስ የተባለችውን መርከብ ንድፍ አትመው አሠራጩ። ደም የለበትም፣ ማዕበል የለበትም፣ ጭራቅ የለበትም። መሐንዲስ የሠራው የሚመስል የመርከብ ወለል ነው፤ ወለሉ ላይ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ተኝተዋል። ሕጉ ለዚያች መርከብ የፈቀደው 454 ሰው ነበር፤ ቀደም ሲል ከ600 በላይ ጭና ታውቃለች። ንድፉ የሚያሳየው ሕጋዊውን ጭነት ያህል ነው፤ ያን የሚያይ ሰው የቀድሞውን ራሱ ያሰላዋል። በብሪታንያ የባሪያ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1807 በሕግ እስኪታገድ ድረስ ከተደረገው ረጅም ዘመቻ ውስጥ ይህን ያህል የታወቀ ሥዕል ያለ አይመስለኝም። ቁጥር እንዴት ሥዕል እንደሚሆን የሚያስተምር ነው፤ ፍሳሽ፣ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ምንም ይሁን ጉዳያችሁ፣ ቁጥሩን በቦታ ለክታችሁ ሣሉት።

ሆኖም ቀረብ ብላችሁ እዩት። ወለሉ ላይ ያሉት ሰዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ፊት የላቸውም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1787፣ የሸክላ ሠሪው ጆሳያ ዌጅውድ ባሠራው ታዋቂ የፀረ ባርነት ምልክት ላይ ያለው አፍሪካዊ ደግሞ ፊት ቢኖረውም ተንበርክኮ፣ እጁ በሰንሰለት ታስሮ ይለምናል። ሁለቱም በጎ ሥራ ሠርተዋል፣ ይህን አልክድም። ግን ሁለቱም ላይ የተሣሉት ሰዎች እንዴት መታየት እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው የለም። ራሱ ባሪያ የነበረው ኦላውዳ ኢኩዋኖ በ1789 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ከፊት ለፊቱ ያስገባው ሥዕል ሌላ ነው። በደንብ ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ይዞ፣ አንባቢውን ዓይን ለዓይን ያየዋል። ያው ዘመን፣ ያው ትግል ነው፤ ግን ራሱን ያሣለ ሰው አልተንበረከከም። ይህን ልዩነት ባየሁ ቁጥር የዚያች ሴት «ብትነግረኝ» ማለት ይመጣብኛል።

አሁን ንድፍ ይዤ ስብሰባ አልገባም። ወረቀትና ከሰል ይዤ እገባለሁ። «ችግሩ የሚነካችሁ የትኛው ቦታ ላይ ነው? እሱን ሣሉልኝ» እላለሁ። «ሥዕል አልችልም» የሚል ሁልጊዜ አለ፤ አይከፋኝም፣ ከሰሉን እጁ ላይ አኖርና እጠብቃለሁ። አንድ ሽማግሌ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው አንድ ባልዲ ብቻ ሣሉ። ባልዲው ሦስት አራተኛው ጠቁሯል። ምንድን ነው ብላቸው «ውሃው ሲረጋ ከታች የሚቀረው ነው» አሉኝ። እኔ ስንት ጊዜ ወንዙን ስሥል ያ አተላ ታይቶኝ አያውቅም ነበር፤ ቤቴ የሚገባው ውሃ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። ቺሊ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው የደረሱበት የጠፋባቸው ሴቶች ጆንያ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ የደረሰባቸውን አሳይተዋል፤ ሥራዎቹም በድብቅ ከአገር ወጥተው በውጭ ታይተዋል። አብዛኞቹ ሥነ ጥበብ የተማሩ አልነበሩም። የእኛ የሠዓሊዎች ድርሻ እንዲህ ያለውን ሥራ ማረም አይደለም። ባልዲው ዘንበል ብሎ ከተሣለ ዘንበል እንዳለ ይታተም።

ሥዕል ብቻውን የሚሠራውን ያህል አታጋንኑ። ሰው አይቶ፣ አዝኖ፣ አልፎ ይሄዳል። ሠዓሊው ፒካሶ የጌርኒካን ሥዕል የሠራው ይህች የስፔን ከተማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1937 በአውሮፕላን ከተደበደበች በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ይህ ሸራ በ1939 መጀመሪያ ለንደን በዋይትቻፕል ጋለሪ ሲታይ መግቢያው ለስፔን ተዋጊዎች የሚላክ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ነበር። ከሥዕሉ ሥር የጫማ ረድፍ ተደረደረ። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከፖስተሬ ግርጌ አንድ የሚደረግ ነገር ሳልጽፍ አላትምም፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ። የሽማግሌውን ባልዲ ስናትም ከሥሩ «ከምትጠጡት ውሃ አንድ ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ» ብለን የሕዝብ ውይይቱን ቀን ጻፍንበት። በዕለቱ የመድረኩ ጠረጴዛ በጠርሙስ ተሞላ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ከታች አተላ የቋጠረ። ኃላፊዎቹ በጠርሙሶቹ መሐል አሻግረው ነው ያነጋገሩን። ውሃው በገለልተኛ ላቦራቶሪ እንዲመረመር የተስማሙት በዚያ ቀን ነው። ፋብሪካው አልተዘጋም፤ እኛም እንዲዘጋ አልጠየቅንም፤ የፍሳሹ ማጣሪያ እንዲሠራ ነው የጠየቅነው፤ ያ ገና እየተጓተተ ነው።

ወጣት ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ ሥነ ጥበብ ለትግል ሲያገለግል ክብሩ አይቀንስም ወይ? የምመልስላቸው በኬተ ኮልቪትስ ነው። ይህች ጀርመናዊት ሠዓሊ ልጇን ፔተርን በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1914 አጣች። በ1924 «ጦርነት ዳግመኛ አይኑር» የሚለውን ፖስተር ሠራች፤ እጁን ወደ ላይ የዘረጋ፣ አፉን ከፍቶ የሚጮህ ወጣት፤ ከሩቅ የሚታይ፣ በሦስት ሰከንድ የሚነበብ። ለልጇ መታሰቢያ የሠራችው የሚያዝኑ አባትና እናት ሐውልት ግን በመቃብር ስፍራው የቆመው በ1932 ነው፤ ልጇ ከሞተ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ። የአንዲት እናት ኀዘን ነው፤ አንዱ ጎዳና ላይ እንዲጮህ፣ ሌላው ሰው ፊቱ ቆሞ ዝም እንዲል የተሠራ። አንዱ ሌላውን አላቀለለውም። እኔም ቤቴ ውስጥ ለማንም የማላሳያቸው፣ የወንዙን ብርሃን ብቻ ለማየት የምሥላቸው ሥዕሎች አሉኝ። እነሱን መሣል ያቆምኩባቸው ወራት ፖስተሮቼም ደርቀው ነበር።

ስለ ሴትዮዋ ልጨርስ። ውላቸው ሲቋረጥ ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጥተው ነበር፤ እኔም ከሥዕል ሽያጭ ያገኘሁትን ጨመርኩ። በቂ አልነበረም። እሳቸው ሌላ ቦታ ሥራ እስኪያገኙ ወራት ፈጀባቸው፤ ያን ጊዜ ሁሉ ዓይናቸውን ማየት እያፈርኩ ነበር። ባለፈው ዓመት ለአዲስ ባነር ስንሰበሰብ ሳልጠራቸው መጡ። ከሰል ሰጠኋቸው። ሰዎች በዙሪያቸው ወንዝና ዓሣ ሲሥሉ እሳቸው ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ። ቀና ሲሉ ወረቀታቸው ላይ የነበረው ከግድግዳ የወጣ የቧንቧ አፍ ነው፤ ከአፉ ግርጌ የሲሚንቶው ስንጥቅ ሳይቀር ተሥሏል። ለዓመታት ያጸዱት ቧንቧ ነው። ፊት የለበትም፣ እጅ የለበትም።

በማግስቱ ያለቀውን ንድፍ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። የት እንደሚሰቀል፣ ማን እንደሚያየው ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት፤ ከዚያ ጣታቸውን ቧንቧው አፍ ላይ አድርገው «ይህ ትንሽ ነው፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ነው እኮ፤ አስፋው» አሉኝ። ሁለት ሜትር አድርገን አሰፋነው።